እዚችው ናት

ወሎ ውስጥ መንገድ ጠይቆ «ሩቅ ነው» የተባለ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። ባለፈው እሑድ በሞተር ተሰባስበን ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ስንሄድ ያገኘነው መልስ አንድ ነው፦ «አብሽሩ፣ እዚችው ናት!» አገጭ ወደ ተራራው ቀና ይላል፣ አለቀ። ከዚያ አገጭ ወዲያ ስንት ዳገት እንዳለ የሚያውቀው ሞተሩ ብቻ ነው።

ሐረጎን መቼም ጣሊያን ሲቆርጠው ለሰው አዝኖ አይደለም። ኮምቦልቻና ደሴ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም 600 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ነው። አንዱን ኩርባ ጨረስኩ ሲሉ ሌላው ይቀበላል። ከፊት ሲኖትራክ ጭሱን ይለቅብሃል፣ ከኋላ ሚኒባስ ጡሩምባውን ይነፋብሃል። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የተነሣ ጎረምሳ ደሴ ሲገባ ጣቶቹ ፍሬን አልይዝ ይሉታል።

ደሴ ላይ ቤንዚን ፈለግን። ማደያው «አልቋል»። ልብ በሉ፣ ከማደያው ጀርባ አላለቀም፤ አንድ ልጅ «እዚችው ናት» ብሎ በሦስት ቅያስ አዙሮ አንድ ሱቅ አስገባን፣ ባለሱቁም ከባንኮኒው ሥር በሃይላንድ የተሞላውን አወጣ። ዋጋውን ስጠይቅ እንደ መንገዱ አላሳጠረውም።

እኔን ይህ ነገር የሚያንገበግበኝ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከመነኻሪያ ረዳቶች ጋር የቆየ ቂም አለኝ። «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ! ልንወጣ ነው!» ይልሃል። ሮጠህ ትገባለህ። ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡት የመነኻሪያው ልጆች አንድ በአንድ እየወረዱ ሌላ መኪና ሊሞሉ ይሄዳሉ፤ አንተ ሻንጣህን ታቅፈህ ከአንዲት ነፍሰ ጡርና ከአንድ በግ ጋር ትቀራለህ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ግን እዚያ አውቶቡስ ውስጥ እንቁላል ይዞ የገባ ሰው ቢኖር ጫጩቷ ተፈልፍላ፣ አድጋ፣ ለፋሲካ ታርዳ ረዳቱ ገና «አንድ ሰው» ይላል። ይህንን ቀልድ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ቀጠሮ ኖሮት አያውቅም። ነፍሰ ጡሯ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት።

ሐይቅ ደረስን። እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ መጥተው የተማሩበት ነው፤ እሳቸውንም መንገድ ላይ «እዚችው ናት» ያላቸው ወሎዬ አይጠፋም። ገዳሙ ሴት አያስገባምና አብረውን የመጡት እህቶች ሐይቁ ዳር ዓሣ አዝዘው ጠበቁን። ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ የተጠበሰ ቆሮሶ፣ ሎሚ፣ ዳጣ። ስንመለስ አጥንቱን አሳዩን። እኛም አዘዝን። አስተናጋጁ «ደርሷል፣ እየወጣ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ አስጋሪው ከጀልባው ላይ እየወጣ ነበር።

ወደ አርዲቦ ሽቅብ ስንጀምር አንድ ሽማግሌ አጠገብ ቆምን።

«አባባ፣ አርዲቦ ሩቅ ነው?»

«አብሽሩ ልጆቼ፣ እዚችው ናት። ይልቅ ግቡና ቡና ጠጡ።»

ምን ታደርጋለህ? እንዲህ ያለውን ሰው መቆጣት ይከብዳል። የአገሬ ሰው እንግዳ ሳይበላ ሳይጠጣ መንገድ ይርቃል ብሎ ማስደንገጥ ነውር ይመስለዋል። አቦሉን ጠጥተን ልንነሣ ስንል ቶና መጣ፣ በረካ ሳይጠጡ መሄድማ የማይታሰብ ነው። አርዲቦን ያየነው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ለአንድ ፎቶ ያህል ነው።

የመሪያችን ስልክ ጮኸ። ሚስቱ ናት። «ደሴ ልንገባ ነው፣ እዚችው ነን!» አላት፣ ሞተሩን እንኳ ሳያስነሣ።

የሃይላንዱ ቤንዚን ውሃ የተቀላቀለበት መሆኑን ያወቅነው ቦሩ ሜዳ ላይ፣ በጨለማ ነው። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ በጠሩበት ሜዳ እኛ ደግሞ ሞተሩን ማን ይግፋ የሚል ጉባኤ ተቀመጥን።