«ረሃብ» የምትለዋ ቃል እስክትታወጅ

ሐምሌ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2011) የተባበሩት መንግሥታት በደቡብ ሶማሊያ በሁለት አካባቢዎች፣ በታችኛው ሸበሌና በደቡብ ባኮል፣ ረሃብ መግባቱን አወጀ። በዋዜማው የለንደን ጋዜጦች ሩፐርት መርዶክ በስልክ ጠለፋው ቅሌት ፓርላማ ቀርቦ ሲጠየቅ ነበር የሚያዩት። በሁለተኛው ቀን የኖርዌይ ጭፍጨፋ መጣ፣ በማግስቱ የኤሚ ዋይንሃውስ ሞት። ዋሽንግተን ደግሞ በዕዳ ጣሪያ ጭቅጭቅ ተይዛለች። ሶማሊያ የፊት ገጽ ያገኘችው በዚህ መሀል ተጋፍታ ነው።

የቦታው መጣበብ ግን ትንሹ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣ ጥናት ከኦክቶበር 2010 እስከ ኤፕሪል 2012 ድረስ ከወትሮው ሞት በላይ 258,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ገምቷል፤ ከዚህ ውስጥ 133,000 ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ግማሽ የሚጠጋው ያለቀው ከአዋጁ በፊት ነበር። ጋዜጠኛው በብዛት የመጣው ከአዋጁ በኋላ ነው።

እኛ ምሳ ያለፈው ሰውም «ራበኝ» ይላል፣ አገር ሲያልቅም «ረሃብ ገባ» እንላለን። ችጋር፣ ጠኔ፣ ክፉ ቀን የሚሉ ቃላት አሉን፤ አንዳቸውም መስፈሪያ የላቸውም። በውጭ ጋዜጣ ያለችው «ፋሚን» (famine) የምትለዋ ቃል ግን መስፈሪያ አላት። የምግብ እጦት ከሚመደብባቸው አምስት ደረጃዎች የመጨረሻዋ ስትሆን፣ የደረጃው አሠራር ራሱ በ2004 እዚያው ሶማሊያ ላይ የተቀመረ ነው። ቢያንስ 20 ከመቶው ቤተሰብ የሚበላው ሲያጣ፣ ከ100 ሕፃናት ከ30 በላይ ሲከሱ፣ ከ10,000 ሰው በቀን ከ2 በላይ ሲሞት፣ ሦስቱ ሲገጥሙ ብቻ ቃሉ ይወጣል።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰበሰብ ያየ ሰው መዘግየቱ አይገርመውም። ጠያቂዎች መንደሮችን በዕጣ ይመርጡና ቤት ለቤት ይዞራሉ። የሕፃኑን ክብደት ከቁመቱ ያመዛዝናሉ። የግራ ክንዱን፣ በትከሻና በክርን መካከል እኩል ላይ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን «ሙዋክ» በሚሉት ባለቀለም ጥብጣብ ይለካሉ፤ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ። ጥብጣቡ ከላላ የከሳውን ልጅ ጤነኛ ያስመስለዋል፣ ከጠበቀ ጤነኛውን ያከሳዋል፤ ስለዚህ ለኪው መሠልጠን አለበት። ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል፦ ባለፉት ሦስት ወራት ገደማ ከዚህ ቤት ማን ሞተ? የሚገኘው መልስ እንግዲህ የሦስት ወር አማካይ እንጂ የዛሬ ሞት አይደለም። ሁሉም ካለቀበት ቤት ደግሞ መልስ የሚሰጥ የለም፣ ተሰዶ የሄደውም አይቆጠርም። በዚህ ላይ አል ሸባብ በያዘው አገር ጠያቂ እንደልቡ አይገባም። ቃሉን ጠብቆ የሚነሣ ጋዜጣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል።

ክንድ ከመቅጠኑ በፊት የሚናገረው ገበያው ነው። አንድ ፍየል ወይም የአንድ ቀን ጉልበት ስንት ኪሎ ማሽላ ይገዛል? የ2010 መጨረሻው የዴይር ዝናብ (ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር የሚጥለው) ቀረ፣ የ2011 የጉ ዝናብም (ከኤፕሪል እስከ ጁን የሚጥለው) ሳይጠግብ አለፈ፤ በደቡብ ሶማሊያ በባይና በሸበሌ የማሽላ ዋጋ በዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ዘለለ። ፍየሏ ከሳች፣ ረከሰች። የቀን ሠራተኛም ሥራ ሲጠፋ በሁለቱም በኩል ተመታ። አገር ቤት የገበያ ቀን የዋለ ሰው ማታ የሚያወራው ይህንኑ ነው፤ «ከብቱ ወርዷል፣ እህሉ ወጥቷል» ከተባለ የሚቀጥለውን ማንም ያውቀዋል። የላኒኛን (ምሥራቅ አፍሪካን የሚያደርቀውን የፓስፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ) መምጣት ያዩ ባለሙያዎችም ከኦገስት 2010 ጀምረው አስጠንቅቀዋል። ዋጋ ግን ፎቶ አይነሣም።

በየዘገባው የተደጋገመችው ሐረግ «በ60 ዓመት ያልታየ ድርቅ» ነበረች። ድርቁ እውነት ነው፤ ግን ቦረናንም ሰሜን ኬንያንም መትቶ ነበር፣ ረሃብ የታወጀው ግን ደቡብ ሶማሊያ ላይ ብቻ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2010 መጀመሪያ ከደቡቡ ወጥቷል፣ አል ሸባብም አግዶታል። በሌላ ወገን አሜሪካ አል ሸባብን በአሸባሪነት ስለፈረጀች፣ ኬላ ላይ ቀረጥ የከፈለ የእርዳታ ሠራተኛ «አሸባሪን ደገፍክ» ተብሎ መከሰስን ይፈራ ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ ኦገስት 2 ቀን 2011 ሞቃዲሾ በናዲር ሆስፒታል የተነሣ አጥንቱ የቀረ ሕፃን ፎቶ ፊት ገጹ ላይ አወጣ፤ አርዕስቱም ታጣቂዎቹ ለሚሸሸው ሕዝብ መንገድ መዝጋታቸውን ይናገራል። ልክ ነው። ዋሽንግተን የራሷን ሕግ እንደምታላላ ያስታወቀችው ግን በዚያው ሳምንት ነው፣ ይህን ያነበበ ከፎቶው ተመልካች ስንት እጁ ነው? (ከ1984ቱ የኮረም ፊልም ወዲህ ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ዓይነት ፎቶ በደንብ ያውቀዋል፤ ማን ምን እንዳደረገ ፎቶው አይናገርም።) ረሃቡ ገና ሳያበቃ፣ በዲሴምበር 2011 መጨረሻ፣ በሚኒሶታ የሶማሊያውያንን ሐዋላ ያስተላልፍ የነበረ ባንክ ያንኑ ሕግ ፈርቶ ሒሳቦቹን ዘጋ።

ሌላው ነገር የፎቶው ቦታ ነው። «የሶማሊያ ረሃብ» ተብሎ የታየው ብዙው ምስል ዳዳብ፣ ኬንያ ውስጥ የተነሣ ነው። በ1991 ለ90,000 ሰው የተሠራው የስደተኞች ሰፈር በ2011 ከ400,000 በላይ ይዞ ነበር፤ ከናይሮቢ በአውሮፕላን ደርሶ መመለስ ስለሚቻል ካሜራው እዚያ ተከለ። ዶሎ አዶ የኛው ምድር ነው፣ ጋዜጠኛው ግን ጥቂት ነበር። እዚያ በጁን 2011 የተከፈተው የቆቤ ሰፈር በቀን ከ10,000 ሰው 7.4 ይሞትበት እንደነበር የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በኦገስት ተናግሯል፤ ከመስፈሪያው ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ከሁለቱም ሰፈር ያልደረሰ፣ ለመሄድ አቅም ያነሰው የባይና የባኮል ገበሬ፣ በካሜራ ፊት ጨርሶ አልቆመም።

በ2022 ደግሞ ዩክሬን ገጹን ይዞ ሳለ፣ ሴፕቴምበር ላይ በባይዶዋና በቡርሃካባ ረሃብ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ሊገባ ነው ተባለ። እርዳታው ገፋ፣ ደረጃው ሳይሞላ ቀረ፣ አዋጁም አልወጣም። በማርች 2023 የወጣ ጥናት በዚያው በ2022 ብቻ 43,000 ሰው ከወትሮው በላይ ሳይሞት እንዳልቀረ ገመተ፤ ግማሹ ከአምስት ዓመት በታች ነው።