የአይጠየፍ ከተማ፣ የሚጠየፍ አዳራሽ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደሴ አንድ የወጣቶች አዳራሽ ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈቅዶት የነበረውን ዝግጅት ሁለት ቀን ሲቀረው ሰርዟል። ጥቂት ልጆች እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ በድሮው ባለ ካሴት ጌም ላይ፣ በተመልካች ፊት፣ ሰዓት ተይዞባቸው አምስት ደቂቃ አካባቢ ሊጨርሱት፣ ከመግቢያው 20 ብርም ለአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሊገዙበት ተሰናድተው ነበር። የአዳራሹ ኃላፊ በአንድ የሬዲዮ ዝግጅት ቀርበው ያሉትን ባይሉ ኖሮ እኔም ነገሩን እንደተለመደው የቢሮ ጣጣ ቆጥሬ ባለፍኩት ነበር። «አዳራሹ ለቁም ነገር የተሠራ ነው» አሉ፤ ይሁን፣ ይበሉ። ቀጠሉና ግን «ደግሞም ጨዋታውን በአግባቡ አይጨርሱትም፤ በቧንቧ እየሾለኩ ነው የሚያልፉት፤ ለወጣቱ ማጭበርበር ልናስተምር ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቁ።

ጥያቄው መልስ አለው፤ መልሱንም የሚሰጠው ራሱ ጨዋታው ነው። 1-2 በሚባለው ደረጃ (የመጀመሪያው ዓለም ሁለተኛው ማለት ነው) ከጣሪያው በላይ ወጥቶ እስከ ጫፍ የሮጠ ተጫዋች ሦስት ቧንቧዎች የቆሙበት ክፍል ይደርሳል፤ እዚያም «እንኳን ወደ መሻገሪያው ደህና መጡ» እንደማለት ያለ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ይወጣለታል። ይህን የጻፉት የደሴ ልጆች አይደሉም፤ እነ ሺጌሩ ሚያሞቶ ጨዋታውን ሲሠሩ አስበውበት ያስገቡት ነው። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ያስገባውን እንግዳ ሌባ ብሎ መጥራት በወሎ ደንብ ምን እንደሚያሰኝ ኃላፊው አያጡትም። ጨዋታው 32 ደረጃዎች አሉት። በቧንቧ ተሻግሮ ስምንቱን ብቻ በመጫወት የሚጨረስበት ውድድር አንድ ነው፤ መሻገር የተከለከለበትና 32ቱንም የሚያስሮጠው ውድድር ሌላ ነው፤ ይህኛው ለተካኑት እንኳ 19 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ የሁለቱም ክብረ ወሰን ለየብቻ ይመዘገባል። የ1,500 ሜትር ሯጭ ማራቶን ስላልሮጠ አጭበረበረ የሚል ሰው እስከዛሬ አልገጠመኝም፤ ከባለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ቢገጥመኝ አይደንቀኝም። (ከተጫዋቾቹ አንዱ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ መሆኑን ኃላፊው ሰምተው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ።)

ልጆቹ በጨዋታው ኮድ ስንጥቆች፣ ማለትም ሠሪዎቹ ሳያስቡ በተዉአቸው ስህተቶች፣ መጠቀማቸውም እውነት ነው፤ ለምሳሌ በደረጃው መጨረሻ ላይ ከባንዲራው ምሰሶ ሥር ካለው ድንጋይ ጋር በልዩ አኳኋን ተጣብቀው ባንዲራው እስኪወርድ የሚባክነውን ጊዜ ያስቀራሉ። ካሴቱ ግን አይነካም፣ ኮዱም አይቀየርም። ያንኑ ካሴት የገዛ ሰው ሁሉ ሊያደርገው ይችላል፤ የሚጎድለው እጁ ብቻ ነው።

ይህንኑ የቧንቧ ውሃ ልጅ ሲለማመድ አይቼዋለሁ። ሸዋ በር አካባቢ ባለች አንዲት ፕሌይስቴሽን ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ከኋላው የተነፋ አሮጌ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አዲሱን ጠፍጣፋ ስክሪን ያልመረጠው ምስሉን በጥቂቱ ስለሚያዘገይበት ነው። የደሴ ብርድ ጣቱን እንዳያደነዝዘው በየመሃሉ ትኩስ የሻይ ብርጭቆ ይጨብጣል። በ8-2 መጨረሻ ላይ ያለችውን አንዲት ዝላይ እኔ በተቀመጥኩበት አንድ ሰዓት ውስጥ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ደጋገማት፤ የሠመረችለት አራት ጊዜ ነው። ባመለጠችው ቁጥር አልተቆጣም፤ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ እንደገና ጀመረ።

ለምን እንዲህ እንደሚደክም የገባኝ ደግሞ የጨዋታውን አሠራር ካስረዳኝ በኋላ ነው። ዋናው የኒንቴንዶ ማሽን በሰከንድ 60 ያህል ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ያሳያል፤ አንድን ደረጃ ለጨረሰ ሰው ቀጣዩን የሚከፍትለት ግን በየ21 ፍሬሙ፣ ማለትም በየ0.35 ሰከንዱ ብቻ ነው። እንደ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሲሞላ የሚነሳ ሳይሆን፣ ሰው ኖረም አልኖረም ሰዓቱን ጠብቆ የሚነሳ መኪና ማለት ነው፤ በአንዲት ፍሬም የዘገየ ተሳፋሪ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። የዓለም ምርጦች ከ4 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ በታች የገቡት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ በታች የተገባው በ2021 ነው። ሁለት ሰከንድ ለመቀነስ አምስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

«ለሰከንድ ስባሪ ይህ ሁሉ ድካም?» የሚል አይጠፋም፤ ይህን ከሌላ አገር ሰው ብሰማው እታገሠዋለሁ፤ ከኢትዮጵያዊ አፍ ሲወጣ ግን ያናድደኛል። መስከረም 1993 ዓ.ም. እኔ ፒያሳ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ከሲድኒ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ይተላለፋል፤ ወንበር ያጣው በር ላይ ቆሟል፤ በር ላይ ቦታ ያጣው በመስኮት ያያል። የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ትከሻ ለትከሻ ሲተናነቁ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሻያቸውን በጋቢያቸው ላይ ደፉት፤ ትኩስ መሆኑን ያስታወሱት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ገቡ። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ ነው። ይህ በልጁ ማሽን ሲቆጠር አምስት ፍሬም ተኩል እንኳ አይሞላም። ከተማው በዚያች አምስት ፍሬም ጎዳና ወጥቶ ዘለለ፣ እልል አለ፣ አለቀሰ፤ እኔም አልቅሻለሁ። «ከግማሽ ሰዓት ሩጫ በኋላ ለዚህች ለማትታይ ጊዜ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም ከሻይ ቤቱ በሰላም አይወጣም ነበር። የቀነኒሳ የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን፣ 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2020 ለ15 ዓመታት ሳይነካ ሲቆይ የነጥቧን ቀኝ በቃሉ የማያውቅ ወጣት በሰፈራችን ይናቅ ነበር። የሰከንድ ስባሪ የሰው ልጅ የልፋት ልክ መሆኑን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ የለም፤ አሁን ግን ስባሪዋ በእግር ሳይሆን በጣት ስለተገኘች ዋጋ የላትም እየተባልን ነው። ጣት ከመቼ ወዲህ ነው ከሰውነት የተባረረው? ክራርና በገና የሚደረደሩትስ በምን ነበር? በእኔ እምነት ዛሬ በደሴ ከዚህ ልጅ የበለጠ ለጊዜ ዋጋ የሚሰጥ ሰው የለም፤ በ2 ሰዓት ተኩል መከፈት የነበረበትን በር በ4 ሰዓት በሚከፍቱ ቢሮዎች ውስጥማ ፈጽሞ አይገኝም።

አዳራሹ ያስፈለገበት ምክንያትም ቀላል አይደለም። ልጁ ጓዳው ውስጥ ብቻውን ሲሆን ባበላሸ ቁጥር ማሽኑን አጥፍቶ ያበራል፤ ያየበትም የለም። በሰው ፊት ግን ያችው አንዲት ዕድል ናት። ማሲንቆውን ይዞ ድግስ መሃል የቆመ አዝማሪ ስንኙ ቢያመልጠው «ይቅርታ፣ ከመጀመሪያው ልድገመው» አይልም፤ እዚያው በዚያው ሌላ ስንኝ ይተካል፤ ጥበቡም የሚለካው በዚህ ነው። ለባቲና ለአምባሰል ቅኝቶች ስም ያወጣ የወሎ ሰው ይህን ከማንም ሊማር አይገባውም ነበር። ደግሞም ይህች ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ታላቅ የግብር አዳራሽ ያለባት ከተማ ናት፤ ስሙም አይጠየፍ ነው። ትልቁም ትንሹም ሳይናቅ የሚገባበት ለማለት የወጣ ስም ነው። ከዚያ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ በእኛ ዘመን የተሠራ የሲሚንቶ ቤት፣ አሮጌ ቴሌቪዥን ይዘው የመጡ ልጆችን ተጠየፈ።

«ቁም ነገር» የሚለውንም በአጭሩ ልመልስ። ጌምስ ደን ኩዊክ የሚባለው የፈጣን ጨዋታ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2010 በአሜሪካ ሲጀመር ከተመልካች የሰበሰበው ልገሳ ከ10,000 ዶላር ብዙም አይበልጥም ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላው በአንድ ሳምንት ዝግጅት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቦ እኛም ለምናውቀው ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ሰጥቷል። በዚያ መድረክ ላይም የሚታየው ያው ጆይስቲክ የያዘ ሰው፣ ከኋላው የተቀመጠ ተመልካችና የሚቆጥር ሰዓት ነው። የእኛዎቹ በ20 ብር መጽሐፍ ሊገዙ ሲነሡ ግን ቁም ነገር ጎደላቸው ተባለ።

ከትምህርት ገበታ እየቀሩ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውሉ ልጆች መኖራቸውን አልክድም፤ የራሴም የወንድሜ ልጅ አንድ ሰሞን እንዲያ ነበር። ታዲያ ቅዳሜ ከሰዓት የሚካሄድ ዝግጅትን ከዚህ ጋር ማገናኘት ምን ይባላል?

በተባለው ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ በአዳራሹ በኩል አለፍኩ። በሩ በሰንሰለት ተቆልፎ ነበር፤ ቁም ነገር የሚባል በአካባቢው አላየሁም። ልጆቹ ያን ከባድ ቴሌቪዥን በባጃጅ ጭነው ወደ አንዱ ቤተሰብ ግቢ ወስደውት ስለነበር ተከትዬ ሄድኩ። አርባ ያህል ሰው በአግዳሚ፣ በጄሪካንና በድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ልጁ እስከ 8-2 እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ያችን ዝላይም አገኛት። 8-3 ላይ ግን እጁ ተንቀጠቀጠና ከመዶሻ ወርዋሪዎቹ አንዱ መታው። በመጨረሻው ዓለም ከመሃል መቀጠል የሚባል ስለሌለ ደረጃውን ከመጀመሪያው ሊሮጥ ግድ ሆነበት። ግቢው ጸጥ አለ። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ሂድ!» አሉ ቡና ይቆሉ የነበሩት የቤቱ እመቤት፣ ቡናው መጨስ እስኪጀምር ማማሰሉን ረስተው። ሲጨርስ በስልኬ የያዝኩት ሰዓት 5 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ይል ነበር። ልጁ አንገቱን ደፋ። ከአግዳሚው ግን አንድ ሰው «ድገም!» አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ እሱም ጣቶቹን በሻይ ብርጭቆ አሙቆ ማሽኑን አጥፍቶ አበራው።