ምስጋና ለ«እስከዚያው» ባዮች

ባለፈው እሑድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠምኩ ሳለ አንድ የሩቅ ዘመድ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ሟቹን በሁለት ዓረፍተ ነገር ሸኘና ወደ እኔ ዞረ።

«አሁን የት ነህ?»

የት እንደሆንኩማ ያያል፤ ጉልበታችን ተነካክቷል። የጠየቀው ስለ እንጀራዬ ነው። «አስተምራለሁ» አልኩት። «ዩኒቨርሲቲ?» «አይ።» «ሃይስኩል?» «አይደለም፤ አንደኛ ክፍል።» ንፍሮው እጁ ላይ ቀረ። ሟቹን ሲያነሳ ያልነበረ ሐዘን ያን ጊዜ ፊቱ ላይ መጣ። ትከሻዬን ጨበጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከዚያው ነው፣ አይደል?» አለኝ።

ቃሏን ታውቋታላችሁ። አስተማሪ ከሆናችሁ በሳምንት ሦስቴ ትሰሟታላችሁ፤ ካልሆናችሁ በሳምንት ሦስቴ ትናገሯታላችሁ። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ለምስጋና ነው። እንዲህ አርቆ አሳቢ ሕዝብ ባይከበኝ ኖሮ እኮ ሥራ ያለኝ መስሎኝ ተታልዬ እቀር ነበር።

የእኔ «እስከዚያው» አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ጠመኔ የጨበጥኩት መስከረም 2007 ዓ.ም. ነው። ልጅ ቢሆን ኖሮ እኔው ፊደል አስቆጥሬው ዛሬ አምስተኛ ክፍል በደረሰ። «እስከዚያ» ከሚሉኝ ሰዎች መካከል ግን «ያ» ምን እንደሆነ የነገረኝ እስካሁን አልተገኘም። ይመጣል ይሉኛል፤ እጠብቃለሁ።

ለነገሩ ነገሬ ሁሉ ከመነሻውም እንዲሁ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ70/30 ዘመን ነው፤ ከመቶው ተማሪ ሰባው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ በሚታደልበት። ቅጹ ላይ ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ኢንጂነሪንግ ብዬ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሞላሁ፤ ምደባው ሲወጣ አፕላይድ ኬሚስትሪ ሆኜ ተገኘሁ። የት አፕላይ እንደሚደረግ የነገረን የለም። ሦስት ዓመት ቸከልኩ። ጠዋት ለሻይና ዳቦ ካፌ ተሰለፍኩ፣ ማታ ለሽሮ ተሰለፍኩ፣ መሀሉን ላይብረሪ ወንበር ለመያዝ ተሰለፍኩ። ዛሬ ሳስበው ካምፓስ ከተማርኩት ሁሉ አንደኛ ክፍል የጠቀመኝ ይኸው ሰልፉ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ቢሬት የሚባለውን የመለኪያ ብርጭቆ ቱቦ የነካሁባቸውን ቀናት በአንድ እጄ ጣቶች ብቆጥር ጣት ይተርፈኛል፤ አንዱን ለአሥር ሆነን ስንሠራ አንዱ ያንጠባጥባል፣ ዘጠኙ ይገለብጣል። ከዚያ የጂሲ፣ የተመራቂዎች ሳምንት፣ የኪራይ ጋውን፣ ፎቶ። ፎቶው እናቴ ቤት ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ፎቶውን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል፣ ከዚያ ቡናውን ፉት ይልና ያቺን ቃል ይናገራታል።

ሐምሌና ነሐሴን «0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ወረቀት በተለጠፈበት ሁሉ ቴምፖዬን፣ ጊዜያዊ የዲግሪ ወረቀቴን፣ ይዤ ስሰለፍ ከረምኩ። መስከረም ሲጠባ አንድ ርዕሰ መምህር ወረቀቴን አገላብጦ፣ «ኬሚስትሪ? በጣም ጥሩ፤ አንደኛ ክፍል ትይዛለህ» አለኝ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የሕዝቡ ደግነት ተለይቶኝ አያውቅም። አከራዬ መምህር መሆኔን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ «መምህር ሰላማዊ ነው፣ አያመሽም፣ አይጠጣም» አሉ። በምን ይጠጣል? ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ደግሞ የልጅቷ አባት «ልጁ ምን ይሠራል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሽማግሌዎቼ ተያዩና «ኬሚስት ነው» ብለው መለሱ። «ፋርማሲ አለው?» «ወደፊት ይከፍታል።» መስከረም 25፣ የዓለም መምህራን ቀን ሲመጣም ንግግር አድራጊው አይጠፋም፤ «መምህር ሻማ ነው፤ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል» ይላል፤ ይጨበጨባል። እኔም አጨበጭባለሁ፤ ምሳሌው ልክ ነዋ! ሻማ በእኛ ቤት መቼ እንደሚፈለግ የማያውቅ የለም። መብራት እስኪመጣ ነው። ሲመጣ እፍ።

ከሁሉም በላይ ግን ውለታቸው የከበደኝ የግቢያችን እትዬ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ በየግቢው አንዳንድ አሉ። እትዬ ከገበያ ሲመለሱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ከዕድር ሲመለሱ፣ ምሰሶና አጥር ላይ የተለጠፈ የሥራ ማስታወቂያ ካዩ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው በስልካቸው ያነሱና በቴሌግራም ይልኩልኛል። መጀመሪያ የመጣው የባንክ ጀማሪ ኦፊሰር ነበር። ጊዜው አልፎበታል። ቀጥሎ ሹፌር መጣ። «እትዬ፣ መንጃ ፈቃድ የለኝም» ስላቸው፣ «እስከዚያው ታወጣለህ» አሉኝ። ሦስተኛው የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። «እትዬ፣ ፆታ ሴት ይላል እኮ።» «ለወጉ ነው የሚጽፉት፤ አንተ ተመዝገብ።» አራተኛው ኤክስካቫተር ኦፕሬተር፤ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ተላከ። «የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው» ብዬ ብጽፍላቸው፣ በማግስቱ በር ላይ ጠብቀው «አፈር ኬሚስትሪ አይደለም?» አሉኝ፤ መልስ አጣሁ፣ ነውና። አምስተኛው የባንክ ጥበቃ። «የውትድርና ልምድ ይጠይቃል» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡ። «ሃምሳ ስምንት ሕፃን አንድ ክፍል ውስጥ ይዘህ አሥራ አንድ ዓመት የኖርክ ሰው፣ ከዚህ ወዲያ ምን ውትድርና አለ?» ሙያዬን ሲያከብሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስድስተኛውን እስከ ዛሬ ከስልኬ አላጠፋሁትም፤ አንድ የዶሮ እርባታ ጫጩቶችን ወንድና ሴት ብሎ የሚለይ ሠራተኛ ይፈልጋል። እትዬ ከሥሩ እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «ይኼ ላንተ ነው። ትንንሽ ነገር መያዝ ለምደሃል።»

የእትዬ የልጅ ልጅ ዘንድሮ እኔ ክፍል ነው። እናቱ ቤሩት ከሄደች አራት ዓመቷ ነው፤ እሷም «ለሁለት ዓመት ነው፣ እስከዚያው» ብላ ነበር የሄደችው። እትዬ በየቀኑ ከቀትር በኋላ በር ላይ ይጠብቁኛል። «ቲቸር፣ ለገና ማንበብ አለበት። እናቱ በስልክ እንዲያነብላት ትፈልጋለች።» በአንድ እጃቸው ልጁን ያስረክቡኛል፣ በሌላው ማስታወቂያ። እኔ ከሄድኩ ልጁን ማን ያስነብበዋል የሚለው አልታሰበበትም፤ ሌላ እስከዚያው ይመጣላ።

«ሀሁ ለማስቆጠር ዲግሪ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝም አሉ። እንዴታ! ካዕብ ማለት ቀኝ ጎኑ ላይ የምትወጣ ጭረት ናት ትሉታላችሁ፤ ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ። ልጁ ደንቡን ይዞ ደስ እያለው ሲገሰግስ ሩ እና ፉ ጋ ሲደርስ ደንቡ ይከዳዋል። ሳድስ ላይ ጭራሽ ደንብ የሚባል የለም፤ ል በራሱ መንገድ፣ ር በራሱ፣ ስ በራሱ፣ ት በራሱ። ሀ-ን ለምዶ ተነፈስኩ ሲል ሐ ይመጣል፣ ኀ ይከተላል። «ቲቸር፣ ሁሉም ሀ ከሆኑ ለምን ሦስት ሆኑ?» ይላችኋል፤ እስቲ በኬሚስትሪ መልሱለት። ደግሞ ፊደሉን ሁሉ ለይቶ «ገና» የምትል ቃል ስታጋጥመው ን-ን ያጥብቃት ወይስ ያላላት? በዓሉ ናት ወይስ ያልደረሰው? ወረቀቱ ላይ አንድ ናቸው። ይህን የሚያውቀው ከፊት ከኋላ ያለውን ቃል የሚያይ ልጅ ነው፤ ያን ማየት ደግሞ በአንድ ሳምንት አይመጣም፣ በሃምሳ ስምንት ልጅ መካከል ተራው እስኪደርስ የሚጠብቅ ልጅ ላይ ደግሞ ይዘገያል።

በመጀመሪያው ዓመት እኔም አምኛችሁ ነበር። ኪሴ ውስጥ ማስታወቂያ ነበረ፤ ሻንጣዬን አልፈታሁም። በዚያ ዓመት የመጨረሻው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ፣ የሌላውን አፍ እያየ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ልጅ ነበር። የሚያነብ መስሎኝ አለፍኩት። የሚያነብ መስሎኝ አይደለም፤ አላየሁትም። ሰኔ ላይ አንዲት ቃል ማንበብ ሳይችል ወደ ሁለተኛ ክፍል አሳለፍኩት። ስሙ እስከ ዛሬ ከአፌ አይወጣም፣ ከጆሮዬም አይጠፋም። በዚህች አገር የአሥረኛ ክፍል ፈተና በነበረበት ዘመን ስንት ዓመት ነው ለመሰናዶ ነጥብ ያጠረውን «መምህራን ኮሌጅ ግባ» ስንል የኖርነው? ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣውን ለትልልቆቹ፣ ያጠረውን ለሰባት ዓመቱ ልጅ ስናከፋፍል? ከዚያ ስምንተኛ ክፍል ደርሶ የታክሲ ታፔላ ማንበብ ያቃተውን ልጅ ሰነፍ ብለን እንሰድበዋለን። ልጁ ሰነፍ አይደለም! ፊደል ሊይዝ በተቀመጠበት ዓመት ፊቱ የቆመለት ሰው መንገደኛ ነበር፤ «አትቀመጥ፣ ትሄዳለህ» እያልን በቁሙ ያዋልነው እኛ ነን።

ይቅርታ፤ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ገና አለፈ። ልጁ አላነበበም፤ ጥምቀትም አለፈ። ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ቡና ጠርተውኝ ገባሁ። ረከቦቱ ቀርቧል፣ ፈንዲሻው ተበትኗል፣ ከሲኒዎቹ አጠገብ ከጋዜጣ በመቀስ የተቆረጠች ወረቀት ተቀምጣለች። ገንዘብ ያዥ። እትዬ መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያገኙ ልጁ ወረቀቷን አነሳና በጣቱ እየተከተለ ጀመረ።

«ክ-ፍ-ት... የ-ሥ-ራ... ቦ-ታ።»

ጀበናው እትዬ እጅ ላይ ቆመ። ልጁ ወደ ታች ወረደ። «ደ-መ-ወ-ዝ... በ-ስ-ም-ም-ነ-ት።»

እናንተ የሰማችሁት ደመወዙን ነው። እኔ የሰማሁት ስ፣ ም፣ ም ነው፤ ሦስት ሳድስ በተከታታይ፣ ሳይደናቀፍ፣ ም-ን ከም አጥብቆ! ስኒዬን የት እንዳስቀመጥኳት አላውቅም። እትዬ እልልታቸውን ለቀቁት፤ የጎረቤት በር ተከፈተ፤ ስልክ ተደወለ፤ ቤሩት ያለችው እናት ፊት ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ልጁ ማስታወቂያውን ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበላት። አለቀሰች። የምዝገባውን ቀን ሳይቀር ሰማች።

ስልኩ ሲዘጋ እትዬ ሦስተኛውን ስኒ ቀድተው ሰጡኝና ወረቀቷን ከልጁ እጅ ተቀብለው አጥፈው ጡታቸው ስር ከተቷት።

«ይቺን ተዋት» አሉኝ። «ታናሽዬዋ በሚመጣው መስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች። እሷን እስክታስነብብልኝ የትም አትሄድም።» ትንሽ ቆዩና፣ እንዳይከፋኝ ነው መሰል፣ ጉልበቴን ቸብ አደረጉኝ። «እኔ እስከዚያው የተሻለ እፈልግልሃለሁ።»