ማስተካከያ፦ የትዳር ጓደኛ የሥራ ፈቃድ ከተከለከለ ስድስት ወር መጠበቅ አያስፈልግም

ባለፈው ስለ ካናዳ የትዳር ጓደኛ የሥራ ፈቃድ (ካናዳ የሚማር ወይም የሚሠራ ሰው ባል ወይም ሚስት ስለሚያመለክቱበት ፈቃድ) ስጽፍ «ከተከለከላችሁ ስድስት ወር ሳይሞላ እንደገና ማመልከት አትችሉም» ብዬ ነበር። ስሕተት ነው፤ እንዲህ ያለ የመጠበቂያ ጊዜ የለም። በእኔ ቃል የተቀመጣችሁ ካላችሁ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይሁንና ያንኑ ፋይል መልሶ መላክ ያንኑ መልስ ያመጣል። የክልከላ ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ምክንያቱን በአንድ ሁለት መስመር ነው የሚነግራችሁ። ማመልከቻችሁን ያየው መርማሪ የጻፈውን ዝርዝር ማስታወሻ ካናዳ ያለው ባል ወይም ሚስት በእናንተ ፈቃድ በ5 ዶላር መጠየቅ ይችላል። ጥርጣሬው ትዳሩ ላይ ከሆነ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የሠርግ ፎቶ ብቻ አይበቃም። የሐዋላ ደረሰኝ፣ የስልክ መልእክት፣ የትዳር ጓደኛችሁ ሊጠይቃችሁ የመጣበት ትኬት ሁሉ ይግባ።

ሌላም የዘለልኩት አለ። ከጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የማስተርስ ተማሪ የትዳር ጓደኛ የሚፈቀድለት ትምህርቱ 16 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነው። የተከለከላችሁት በዚህ ከሆነ ማስረጃ መደራረቡ ገንዘብ ማባከን ነው።

የቀድሞውን ክልከላ ደግሞ ቅጹ ላይ አትደብቁ፤ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት ካናዳ ከመግባት ለ5 ዓመት ያሳግዳል።