«አጥብቀው እንጂ!»

ዛሬ ጠዋት በር ላይ ቁጭ ብዬ የአሮጌዋን ብስክሌቴን ሄድሴት ስገጣጥም አንድ ጎረቤቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡና አናቴ ላይ ቆሙ። ምን ሆነብህ አላሉም። ምን እየሠራህ ነው አላሉም። «አጥብቀው እንጂ!» አሉ።

ገና ምኑንም አልያዝኩትም እኮ!

ይሄ አመል ከየት እንደመጣብን አላውቅም። ወንበር ሲነቃነቅ አጥብቀው። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ አጥብቀው። መነጽር ሲንሸራተት አጥብቀው። ልጅ ሲያስቸግርም ምክሩ ያው ነው፣ ጠበቅ አድርገህ ያዘው። ቆሞ የሚያይ ሰው «እስቲ ትንሽ አላላው» ሲል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሄድሴት ስል ጆሮ ላይ የሚደረገውን አይደለም። የብስክሌቱን አንገት ነው፤ መሪውና የፊት ሹካው ከፍሬሙ ጋር ተገናኝተው የሚዞሩበትን። በድሮ የብረት ብስክሌት ከላይም ከታችም ስኒ የመሰለ ብረት ፍሬሙ ውስጥ ተመትቶ ይገባል። እዚያ ውስጥ 4 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ ብዮች በግራሶ ተለውሰው ይደረደራሉ። ከላይ በጥርስ የሚጠመጠም ሳህን፣ ከሱ በላይ ሮንዴላ፣ ከሁሉም በላይ ቆላፊ ዳዶ። በቃ ይሄው ነው። ሽቦ የለው፣ ባትሪ የለው።

እኔ የምወዳት ተረት እዚህ ጋ ትመጣለች፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። የተተረተችው ሳይማር ጥምጥም አስሮ ተማርኩ ለሚለው ነው ይባላል። እኔ ግን መጀመሪያ የተናገራት ሰው በድብቅ ብስክሌት ይጠግን ነበር ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም እነዚህ አሮጌ አንገቶች ሁሉም ይመሳሰላሉ፣ ግን አይገናኙም። የብዙዎቹ የሹካ ቱቦ ውፍረቱ 25.4 ሚሊሜትር ነው፣ በኢንች 24 ጥርስ። የእንግሊዙ ብስክሌት ፋብሪካ ራሌይ ድሮ በኢንች 26 ያወጣ ነበር። ፈረንሳዮቹ ደግሞ ቱቦውን 25 ሚሊሜትር፣ የጥርሱን ርቀት 1 ሚሊሜትር አድርገው ለብቻቸው ሄዱ። ባለ 24 ጥርሱን ዳዶ በባለ 26ቱ ላይ ብታስገባው መጀመሪያ እሺ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይነክሳል። እንግዲህ ያኔ ነው አንድ ሰው ከጀርባህ መጥቶ «አጥብቀው» የሚልህ፣ አንተም ሰምተህ የ50 ዓመት ጥርስ አርግፈህ የምትገባው።

እኔ ግን ለክቼ ነው የጀመርኩት። የጎደለኝ መፍቻው ነው።

እዚህ ላይ የቆየ ቂሜን ካላነሳሁ አይወጣልኝም። ሳህኑን የሚይዝ ቀጭን ባለ 32 መፍቻ ነበረኝ። አንድ ጓደኛዬ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ወሰደው፤ ይኸው 4 ዓመቱ። በየጊዜው «መፍቻው አለ?» ብዬ እጽፍለታለሁ። «አለ» ብሎ ይመልሳል። ፊደላችን ደግሞ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። መጀመሪያ ሰሞን ጠብቆ እያነበብኩት «አለ፣ በቦታው ተቀምጧል» ብዬ እጽናና ነበር። አሁን አላልቼ ነው የማነበው፤ አለ፣ ተናገረ፣ አበቃ። ስንት ነገር ጠብቆ ከመነበብ ነው የተበላሸው!

ደግሞ ስሙን ልብ በሉት። መፍቻ ነው የሚባለው። ማጥበቂያ ብሎ የጠራው ሰው የለም።

ብቻ መፍቻ ከሌለ ሳህኑን በጨርቅ ጨብጦ መታገል ነው። ጎረቤቴ አልሄዱም። ግራሶውን ለማንሳት እጄን ስዘረጋ ብዮቹን ያስቀመጥኩበት ክዳን በክርኔ ተገለበጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ብዮቹ እንደ ጤፍ ተበተኑ። እሳቸው ከላይ ሆነው ምን አሉ? «አጥብቀህ ብትይዘው ኖሮ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ ሳቁ አልመጣልኝም። ቆሞ የሚመክር ሰው እጁ ግራሶ አይነካም። የተሳሳተ እንደሆነም ብስክሌቱ ላይ የሚወጣው እሱ አይደለም። አንገቱ ከመጠን በላይ ታስሮ ከተነዳ ብዮቹ ሳህኑን እየቦረቦሩ ይቀመጡበታል፣ መሪውም መሐል ላይ እየተቀረቀረ ቀጥ ማለት እንጂ መዞር ይጠላል። እንዲህ ያለ ሰውም አውቃለሁ፣ ግን ይቅር። ላልቶ ከተነዳም ያበላሻል፣ አልዋሽም። ቢሆንም የላላውን ፍሬን ስትይዝ ኳ ሲል ትሰማዋለህ፤ የጠበቀው ዝም ብሎ ነው የሚበላህ።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። ብዮቹን ለቀምኩ። ዙሪያውን ሲደረደሩ የአንድ ብይ ክፍተት መቅረት አለበት፤ እኔ ጋ የሁለት ቀረ። ፈለግሁ፣ አጣሁ፣ ይሁን ብዬ ዘጋሁት። ሳህኑን በእጄ እስኪነካ ጠመጠምኩና የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል መለስኩት። ቆላፊው ዳዶ ሲታሰር ሳህኑን ወደ ታች ስለሚጫነው ያላላኸውን እሱ ራሱ ያጠብቅልሃል፤ ሚስጥሩ ይሄ ነው። ሁለት ጊዜ ሳህኑ ከእጄ እያመለጠ አብሮ ዞረ። በሦስተኛው ያዘ። የፊት ፍሬኑን ይዤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዘወዝኩት፣ ምንም የለም። የፊት ጎማውን አንስቼ ዘንበል ሳደርገው መሪው በራሱ ክብደት እጥፍ አለ።

ጎረቤቴ ጠጋ ብለው መሪውን ግራ ቀኝ አዞሩት። ፊታቸው በራ።

«አየህ! አጥብቀው ስልህ!»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ምን ልበል?

ሊሄዱ አንድ እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። ጫማቸውን አነሱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ግራሶ የጠጣች ትንሽ የብረት ብይ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አነሷት።

«ይቺስ የምንድን ናት?»