«ይቅር በለን» ያልኩ ዕለት

ሜልኮል ባሏን ዳዊትን ትወደው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ በግልጽ ይናገረዋል። አባቷ ንጉሥ ሳኦል ሊያስገድለው ሰዎች የላከ ዕለት በመስኮት አውርዳ ያስመለጠችውም እሷ ናት። እኛ ግን የምናስታውሳት በአንድ ንግግር ነው፤ ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘል አይታ በሰነዘረችው ሽሙጥ።

በስብከት ብዙ ጊዜ የምትወቀሰው እሷ ናት። የዳዊትን መልስስ ማን ልብ ብሎ ያነበዋል? እግዚአብሔር ከአባትሽና ከቤቱ ሁሉ ይልቅ እኔን መረጠኝ አላት። አባቷ በጦርነት ሞቷል። ሦስት ወንድሞቿም እንደዚያው። የት እንደሚያማት ያውቃል፤ እዚያው ላይ ወጋት። ከዚያ በፊት ደግሞ ሳኦል ለሌላ ሰው ድሯት ነበር። ዳዊት ከነገሠ በኋላ ሲያስመልሳት ያ ባሏ እያለቀሰ ተከትሏታል። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት ሰው ግን አልተጻፈም። ስለዚህ ያ ሽሙጥ የዚያን ቀን ብቻ አልነበረም ባይ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሲታረቁ አናይም። ምዕራፉ የሚዘጋው እስክትሞት ድረስ ልጅ እንዳልወለደች ነግሮን ነው።

እኔም ዳዊት ያደረገውን አድርጌአለሁ። ሚስቴ ዕቃ እያጠበች ተጨቃጨቅን። መነሻው ምን እንደነበር ዛሬ ትዝ አይለኝም። «ቁርጥ እናትሽን!» አልኳት። ውኃውን ዘጋች። እጇን አደራረቀች። ወጣች።

ማታ እንደ ወትሮው አብረን ጸለይን። «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለን» አልኩ። ልብ በሉ፣ «በለኝ» አላልኩም። ተሳዳቢው እኔ፣ ንስሐው የጋራ! እሷም አሜን አለች። «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለውን ቃል የፈጸምኩ መስሎኝ ተኛሁ።

የነቃሁት ከሳምንታት በኋላ ነው። እናቷ ስትደውል ስልኩን ይዛ ሌላ ክፍል ትገባለች። በሩንም ትዘጋለች።

እኛ አማኞች ቶሎ ይቅር መባባል እንወዳለን። ጥሩ ነው። ችግሩ ይቅርታው አፍ ማዘጊያ ሲሆን ነው። «ይቅር ብዬሃለሁ ብለሽ አልነበር? ታዲያ ምን ያኮርፍሻል?» እንላለን። ይቅር ያለ ሰው ግን ወዲያው አይድንም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚባለው ለዚህ ነው።

ጴጥሮስ ጌታን ሦስት ጊዜ የካደው የከሰል እሳት እየሞቀ ነበር። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ በሌላ የከሰል እሳት አጠገብ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው። ጴጥሮስ አዘነ። ማዘኑም አይገርምም። ነገሩ በደፈናው አልታለፈም፤ እዚያው ቁስሉ ድረስ ተሄደ። ትዳር ውስጥም «ለበደልኩሽ ሁሉ» የሚለው ሩቅ ነው። «እናትሽን አንስቼ እንዲህ አልኩሽ፤ እንዲያምሽ ብዬ ነው ያልኩት» ማለት ይከብዳል። እኔ ለማለት ወራት ፈጅቶብኛል።

አንድ ነገር ግን ይለይ። በንዴት ያመለጠ ክፉ ቃልና ሰውን በየቀኑ የሚያሳንስ አፍ አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን «ቻይው፣ ጸልዪለት» እያሉ ማስታመም ቁስሉን ማባባስ ነው። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ መራራ አትሁኑባቸው ያለው ባሎችን ነው። ትእዛዙ ለተናጋሪው እንጂ ለሰሚዋ አይደለም። ባሏን በቃል የምታደቅ ሚስትም ከዚህ አታመልጥም። እንዲህ ያለ ቤት የሚሰማና የሚገሥጽ ሽማግሌ ወይም አማካሪ ያስፈልገዋል። የተጎዳው ሰው ራቅ ማለት ካስፈለገውም እምነት እንደ ጎደለው አይቆጠርበት።

የእኔን የነገርኳት ዕለት ሚስቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። «እሺ» አለች፣ በቃ። እናቷን የምታነጋግረው አሁንም ሌላ ክፍል ገብታ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን በሩን አልዘጋችውም።