የፓወር ሰፕላይ ፋን ለምን ዝም ይላል?

ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ስለ ራሱ ያሳውቃል። ሲፒዩው ሙቀቱን ይናገራል። የግራፊክስ ካርዱ ፋን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይታያል። ሃርድ ዲስክ እንኳ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። ለሁሉም ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ግን ጭጭ! ፋኑ ይዙር ይቁም፣ ውስጡ ይጋል ይቀዝቅዝ፣ አንዲት ቁጥር አይወጣውም። እንደዚህ ያንገበገበኝ ነገር የለም።

የእኔው ፋን ሲፈልግ ይነሳል፣ ሳይፈልግ አይነሳም። ማሽኑ ከባድ ስራ ላይ እያለ ድርግም ብሎ ይጠፋል። እርዳታ ስጠይቅ የሚመጣው መልስ ሁሌ አንድ ነው፤ «ባዮስ ግባና የፋኑን ፍጥነት አስተካክል»። ወገን፣ ባዮስ ማለት ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ ገጽ ነው፣ የዚህ ፋን ነገር እዚያ ውስጥ የለማ! እዚያ የሚታዩት ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚገናኝበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተሰኩ ፋኖች ናቸው። የፓወር ሰፕላዩ ፋን የተያያዘው ከራሱ ከፓወር ሰፕላዩ ቦርድ ጋር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ፍጥነቱን የሚናገር ሦስተኛ ሽቦ ከሌለ ማዘርቦርዱ ከየት አምጥቶ ይወቀው?

ደግሞ ውስብስብ ነገር ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። በብዙዎቹ ውስጥ ሄትሲንኩ (ሙቀት የሚያስወጣው ብረት) አካባቢ ቴርሚስተር የምትባል ትንሽ ሙቀት ለኪ አለች። ሲሞቃት ሬዚስታንሷ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሟ) ይወርዳል፣ ያኔ መቆጣጠሪያው ለፋኑ የሚሰጠውን ቮልት ከፍ ያደርጋል፤ ቀዝቀዝ ሲል 5 ቮልት አካባቢ፣ ሲግል እስከ 12። በቃ፣ ይሄው ነው። የቴርሚስተሯ መስመር ከተቋረጠ መቆጣጠሪያው ቅዝቃዜ ይመስለውና ውስጡ እየነደደ ፋኑ ያንቀላፋል። ሾርት ካደረገች ደግሞ ገና ከማብራትህ ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ይጮኻል።

የእኔ ግን ኩሽኔታው ነው። ከኋላ በወንፊቱ በኩል በባትሪ እያበራሁ አየሁት። ክንፉ ትንሽ ወዝወዝ ይላል፣ ሊነሳ ይሞክራል፣ ተመልሶ ይቆማል። ዘይቱ ደርቆ አቧራ የበላው ፋን በዝቅተኛ ቮልት ለመነሳት ጉልበት ያጥረዋል። ሙቀቱ ጨምሮ ቮልቱ ከፍ ሲል አንዳንዴ በድንገት ብድግ ብሎ ይዞራል። ሳይነሳ የቀረ ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው የሙቀት መከላከያ ማሽኑን ያጠፋዋል። ሲያጠፋው ደግሞ የሠራሁት ነገር ሳይቀመጥ አብሮ ይሄዳል፣ እሱን ማን ይመልስልኛል?

ሌላም አለ። አንዳንድ ሞዴሎች ሎዱ (ማሽኑ የሚስበው ኃይል) ትንሽ ሲሆን ፋኑን ሆን ብለው ያቆሙታል። ጥሩ፣ ጸጥታ ማን ይጠላል። ግን ሆን ብሎ የቆመውንና የሞተውን በምን ልለያቸው? ፓወር ሰፕላዩን ከማሽኑ ነቅሎ ለብቻው ለማስነሳት አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ አገናኝቶ የሚሞክር ሰው፣ ምንም ሎድ ስለሌለ ፋኑ ሳይዞር ያይና «ተበላሽቷል» ብሎ ደህናውን ዕቃ ይጥለዋል።

«ክፈተውና ዘይት ጠብ አድርግበት» የሚሉትማ ይብሳሉ። ዋናው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ይይዛል፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ይህንን ሳይነግሩ «ክፈተው» ብሎ መምከር ነውር ነው፣ ሰው ይገድላል።

የወሰድኩለት ባለሙያ ደግሞ ካቻቪቴ እንኳ ሳያነሳ «ሙሉውን ቀይረው» አለኝ። ለምን? የተበላሸው ተራ የ12 ቮልት ፋን ነው። ፓወር ሰፕላዩ ገና ደህና ነው። ችላ ከተባለ ግን አብሮ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ለዚህ ነው የፋን ነገር ቀላል ነው ሲሉኝ የምናደደው።

አይቻልም እንዳይሉኝ፣ ይቻላል። ድሮ አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ማዘርቦርዱ ላይ የምትሰካ የፍጥነት ሽቦ ይዘው ይመጡ ነበር። ዛሬም አንዳንድ ውድ ሞዴሎች በዩኤስቢ የፋናቸውን ሁኔታ ያሳያሉ። ለሌሎቻችን አንዲት ሽቦ ምን ያህል ታስወጣ ነበር? እሺ፣ ሽቦውም ይቅር፣ ፋኑ መዞር ሲያቅተው የምትበራ አንዲት ቀይ መብራት ከኋላ ቢያደርጉ ምናለበት!

እኔ ደህናውን ፓወር ሰፕላይ አልጥልም። ከፍቶ፣ ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ በአግባቡ አራግፎ፣ ፋኑን ብቻ የሚቀይርልኝ ባለሙያ እየፈለግሁ ነው።